ዲስኩ ይመርመር ወይስ ይታለፍ?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ አንድ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንሰማለን። ምክሩ አጭር ነው። «ኮምፒዩተርህ ሲነሣ ዲስኩን ልመርምር ካለህ አንዱን ቁልፍ ተጫንና እለፈው፤ ከቻልክም ምርመራውን ከነጭራሹ አጥፋው» ይላል። ምክሩን የሚሰጡት እንዲሁ በአየር የሚናገሩ ሰዎች አይደሉም። ከእኛ ከቋንቋና ከታሪክ ተማሪዎች ይልቅ የመሣሪያውን ሆድ ዕቃ የሚያውቁ የቴክኖሎጂና የሳይንስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ስለዚህም ቃላቸው በብዙዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቈጥሯል። እኛ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፍበት ወራት በተቃረበበት በዚህ ሰዓት ነገሩ በዝምታ መታለፍ የለበትም እንላለን።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ዲስክ ምን አገባው የሚለን ቢኖር፣ መልሳችን ዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ የእኛ ነው የሚል ነው። የሒሳብ ተማሪ ስሌቱ ቢጠፋበት ተቀምጦ ደግሞ ይሠራዋል፤ አድካሚ ቢሆንም ይቻላል። ከገጠር ሽማግሌዎች አፍ የተቀዳ ተረት፣ የለቅሶ ግጥም፣ የመሬት ክርክር ታሪክ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ ማን ይመልሰዋል? የተናገሩት ሽማግሌ እስከ መጪው ክረምት ላይቆዩ ይችላሉ። እንግዲህ ከማንም ይልቅ የሚያገባን እኛን ነው።

ለመሆኑ ምርመራው ምንድን ነው? አንድ ምዕራፍ ጽፈን «ሴቭ» ስንል ነገሩ በአንድ ቅጽበት የተፈጸመ ይመስለናል፤ ነገር ግን አይደለም። ኮምፒዩተሩ ቢያንስ አራት ሥራ ይሠራል። ቃላችንን በዲስኩ ባዶ ክፍሎች ላይ ያሰፍራል፤ እነዚያ ክፍሎች ከእንግዲህ የተያዙ መሆናቸውን ይመዘግባል፤ የፋይሉን ርዝመትና የተቀመጠበትን ስፍራ በፋይሉ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ስሙን በፎልደሩ ዝርዝር ውስጥ ያገባል። በእነዚህ አራት ሥራዎች መካከል መብራት የጠፋ እንደ ሆነ አንዱ ተሠርቶ ሌላው ሳይሠራ ይቀራል።

በድሮ ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የካርድ መሳቢያ እናስብ። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ካርድ ያልተጻፈለት ይሆናል፤ ወይም ካርዱ ኖሮ መጽሐፉ በቦታው የለም፤ ወይም ሁለት ካርዶች አንድን ቦታ «የእኔ ነው» እያሉ ይካሰሳሉ። መርማሪው የሚሠራው ካርዱንና መደርደሪያውን ማስተያየት ነው። በሊኑክስ ላይ ያለው የታወቀው መርማሪ ሥራውን በ5 ዙር ይፈጽማል። በመጀመሪያው ካርዶቹን አንድ በአንድ ያያል፤ በሁለተኛው የፎልደሮቹን ዝርዝር፤ በሦስተኛው እያንዳንዱ ፎልደር ከወላጁ ጋር መያያዙን፤ በአራተኛው አንድን ፋይል ስንት ስም እንደሚጠራው ይቈጥራል፤ በአምስተኛው የተያዘውንና ባዶውን ክፍል ደምሮ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ባለቤት ያጣ ፋይል ሲያገኝ አይጥለውም፤ «ጠፍቶ የተገኘ» የሚል ትርጉም ያለው ስም በተሰጠው አንድ ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል። በዊንዶውስ በኩል ደግሞ እንዲህ ያለው ቍራጭ «ፋይል 0000» በሚል ዓይነት ስም ይቀመጣል። ስሙ ጠፍቶ ቃሉ የተረፈለት ተማሪ ያን ፎልደር ከፍቶ ማየቱ አይከፋም፤ ብዙ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም።

ታሪኩንም በጥቂቱ ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ1998 የወጣው ዊንዶውስ 98 በደንቡ ሳይዘጋ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ሲነሣ ሰማያዊ ገጽ አውጥቶ ዲስኩን ይመረምር ነበር። አብሮም ሁለተኛ ይህን መልእክት ላለማየት ሁልጊዜ በደንቡ ዝጋ የሚል ተግሣጽ ይሰጥ ነበር። ይህ ተግሣጽ መብራት በራሱ ጊዜ በሚሄድበት አገር ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚያስቅ ለአንባቢያችን አናስረዳም። ጥፋቱ የሽቦው ሆኖ ሳለ ተወቃሹ ተጠቃሚው ነበር።

ሊኑክስ ደግሞ ሌላ ልማድ ነበረው። በ1993 ከተሠራው ኤክስት 2 ከሚባለው የፋይል ሥርዓት ጀምሮ፣ ዲስኩ ምንም ክፉ ነገር ባያገኘውም በቍጥር ይመረመር ነበር። ዲስኩ ከ20 እስከ 40 ባለው ቍጥር ያህል ጊዜ ከተከፈተ ወይም 180 ቀን ከሞላው፣ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ መሣሪያው ሥራውን ሁሉ አቁሞ ምርመራ ይጀምራል። ጤነኛ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ እንደ ማዘዝ ያለ ነው። የዛሬው ክርክር ሥር እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛ ነኝ የሚለውን ዲስክ ያለ ፈቃዱ መመርመር ተገቢ ነውን?

«አጥፉት» የሚሉት ወገኖቻችን ያላቸው ማስረጃ ቀላል አይደለም፤ እንደሚከተለው ይናገራሉ። በ1993 የወጣው ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለው የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት፣ በ2001 ወደ ሊኑክስ የገባው ኤክስት 3፣ ከዚያም በ2008 የተከተለው ኤክስት 4 የዕለት መዝገብ አላቸው። ይኸውም አንድን ሥራ ከመሥራታቸው በፊት «ይህን ልሠራ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ መብራት ሲመለስ መዝገቡን አንብበው የተጀመረውን ይፈጽማሉ ወይም ይተዋሉ። ይህም የሚፈጀው ጥቂት ሰኮንድ ነው። ስለዚህ መደርደሪያውን በሙሉ መቍጠር ለምን ያስፈልጋል? ከዚህም በላይ ይላሉ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ልማዱን ትተውታል። የሊኑክሱ መርማሪ ሠሪዎች በ2011 ባወጡት እትም አዲስ በሚዘጋጅ ዲስክ ላይ በቍጥርና በቀን የሚደረገውን ምርመራ ሳይታዘዝ እንዳይጀምር አድርገዋል። በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ምርመራውን እኛ ሥራ ላይ ሳለን በስውር እንዲካሄድ፣ ዲስኩ የሚዘጋውም ለተገኘው ስሕተት ጥገና ብቻ እንዲሆን አድርጎ አሻሽሎታል። ቀድሞ የሚጠበቀው ጊዜ በፋይሎቹ ብዛት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በስሕተቶቹ ብዛት ሆነ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። የማንቀበለው ከእውነቱ የሚስቡትን መደምደሚያ ነው። ሠሪዎቹ የተዉት የቀን ቀጠሮውን ነው እንጂ ምርመራውን አይደለም። የዊንዶውስ ሰዎች ምርመራውን ከዓይናችን ሰወሩት እንጂ አልሰረዙትም፤ ይልቁንም አበዙት። የሊኑክሱ መሣሪያ መመሪያ ራሱ የቍጥሩን ምርመራ ፈጽሞ ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ውጤቱን አጥብቆ እንዲያመዛዝን ያሳስባል። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ የተበላሸ ዲስክ፣ የተበላሸ ገመድ፣ የተበላሸ ሜሞሪና የሥርዓቱ የራሱ ግድፈት ዲስኩን ሊያበላሹት ይችላሉ፤ ዲስኩ ግን በመዝገቡ ላይ ጤነኛ ነኝ እያለ ይቀጥላል። የዕለት መዝገብ የሚጠብቀን ሥራ በመካከል ከመቋረጥ ነው። ጸሐፊው ራሱ ታሞ የተሳሳተ ነገር በጥንቃቄ ቢመዘግብ፣ መዝገቡ ስሕተቱን በታማኝነት ይደግመዋል እንጂ አያርመውም።

እንግዲህ የእኛን መሣሪያዎች እንመልከት። አዲስ ኮምፒዩተር ከነካርቶኑ የሚገዛ ተማሪ ስንት ነው? በአብዛኛው የምንጠቀምበት በሌላ ሰው እጅ አልፎ የመጣ ነው። ታላቅ ወንድም ሠርቶበት፣ ከዚያ የአጎት ልጅ ጨዋታ ተጫውቶበት፣ ከዚያም ለእኛ የደረሰ ነው። ሜሞሪው ከሌላ ተነቅሎ የተሰካ፣ ገመዱ በአንድ ጥገና ቤት የተለወጠ፣ ዲስኩ በአውቶቡስ ጣራ ላይ የተንገጫገጨ ነው። ላፕቶፕ ነው ብንልም ባትሪው ከሞተ ቈይቷል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። መመሪያው የዘረዘራቸው የክፋት ምንጮች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። አዲስ መሣሪያና የማይቋረጥ መብራት ላለው ሰው የተሰጠ ምክር ለእኛ እንዴት ሊሆን ይችላል?

በሌላ በኩል የተቃዋሚዎቻችንን ምሬት እንረዳለን። በቍጥር የሚመጣ ምርመራ የቀን መቍጠሪያ አያውቅም። መምህሩ ተቀምጠው፣ ጓደኞች ተሰብስበው፣ ፕሮጀክተሩ ተበርቶ ሳለ ሠላሳኛው መነሣት የዚያን ዕለት ሊውል ይችላል። ዲስኩ ትልቅና የተጨናነቀ ከሆነም ምርመራው ሻይ ጠጥቶ ከመመለስ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። በዚያን ሰዓት ቁልፍ ተጭኖ ያለፈውን ተማሪ አንወቅሰውም። የምንወቅሰው ለዚያ ቀን ያለፈውን ለዘለዓለም ያለፈውን ነው። ከምርመራው ጋር ያጣላን የሰዓቱ ምርጫ ከሆነ ሰዓቱን እኛው እንምረጥ።

ሌላም መታመን ያለበት ነገር አለ። መርማሪውም ይሳሳታል። በ2020 በታኅሣሥ ወር ዊንዶውስ 10 ባገኘው አንድ ማሻሻያ ምክንያት፣ ዲስክ እንዲጠግን የታዘዘው መርማሪ በጥቂት ኮምፒዩተሮች ላይ ራሱ የፋይሉን ሥርዓት አበላሽቶ ኮምፒዩተሩ እንዳይነሣ አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍትም ጕድለቱን አምኖ አርሞታል። «አያችሁ!» የሚሉን አሉ። ነገሩ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው፤ ከምርመራ በፊት ጽሑፉን ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል። መድኃኒት አንድን ሰው ጐዳ ተብሎ ሐኪም ቤት አይዘጋም።

ይህም ወደ ዋናው ጕዳይ ያደርሰናል። ከተቃዋሚዎቻችን ይልቅ የምንፈራው ደጋፊዎቻችን የሆኑትን ነው። «ምርመራው ተካሄደ፤ ደኅና ነው አለ፤ እንግዲህ ጽሑፌ ደኅና ነው» ብለው የሚተኙ አሉ። ደኅና የተባለው ካርዱ ነው፤ መጽሐፉን ማንም አላነበበም። የተለመደው የመነሻ ምርመራ የፋይሉን ስም፣ ርዝመትና ቦታ ያያል እንጂ ውስጡ ያለው ቃል የእኛ ቃል መሆኑን አያውቅም። ሦስተኛው ምዕራፍ በሙሉ ወደ ትርጉም አልባ ምልክት ቢለወጥ፣ ካርዱ እስከ ተስተካከለ ድረስ መርማሪው «መልካም» ብሎ ያልፋል። የፋይሉንም ውስጥ በማረጋገጫ ቍጥር የሚፈትሹ እንደ ዜድ ኤፍ ኤስና ቢ ቲ አር ኤፍ ኤስ ያሉ ሥርዓቶች አሉ፤ በተማሪ ላፕቶፕ ላይ ግን እምብዛም አይገኙም። ስለዚህ በምርመራ የታመነ ነገር ግን ሁለተኛ ግልባጭ የሌለው የመመረቂያ ጽሑፍ በእኛ ሚዛን እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

ከዚህም የባሰ አለ። ዲስኩ እየሞተ ያለ እንደ ሆነ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከፈጀበት፣ በዚያን ጊዜ የሚደረግ ጥገና ጉዳት ነው። ጥገና ማለት መጻፍ ነው፤ እየሞተ ባለ ዲስክ ላይ መጻፍ የቀረውን ማጥፋት ሊሆን ይችላል። መርማሪው ሊጠግነው ያልቻለውን ካርድ ቀድዶ ይጥላል፤ ሥርዓቱ የተስተካከለ ይሆናል፤ ምዕራፉ ግን ሄዷል። ከመርማሪው ዓይን ሲታይ ሥራው በሚገባ ተፈጽሟል፤ የታዘዘው ቤተ መጻሕፍቱን እንዲያስተካክል ነው እንጂ የአንድ ተማሪ ሌሊቶችን እንዲያድን አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ በመጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ፣ ከዚያ በኋላ መመርመር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ «ዋይ» የሚለውን ፊደል ተጫን የሚለው ምክርም እለፈው ከሚለው ምክር የተሻለ አይደለም። ሁለቱም ሳያነቡ መፈረም ናቸው።

ሳያነቡ መፈረም ካልን ስለ ቋንቋው መናገር ግድ ይሆንብናል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚመጣው መልእክት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ በባለሙያ ቃል የተሞላ፣ ለመልስም ከአሥር ሰኮንድ ያልበለጠ ጊዜ የሚሰጥ ነው። ውል ተጽፎ ሳይተረጐምለት ጣቱን በቀለም ነክሮ የሚፈርም ገበሬ ቢኖር ግፍ ነው ብለን በዚህ መጽሔት እንጮህ ነበር። እኛ ራሳችን በየጧቱ እንዲሁ እየፈረምን ነው።

«በመነሻው ጊዜ የግዕዝ ፊደል በጥቁሩ ገጽ ላይ ሊጻፍ አይችልም» የሚል መልስ ይሰጣል። ምክንያቱ እውነት ነበረ። ያ የድሮ የጽሑፍ ገጽ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 256 ምልክት፣ ቢበዛም 512 ነው፤ የእኛ ፊደል ከነቍጥሩና ከነነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ሆኖም 512 ከ300 እንደሚበልጥ ለማወቅ የሒሳብ ተማሪ መሆን አያሻም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን አግኝቷል፤ በሊኑክስም ለዚያው ለጥቁሩ ገጽ የተዘጋጀ «ጎሃ» የተሰኘ የፊደል ቅርጽ አለ። እንግዲህ የጐደለው ፊደል አይደለም፤ የጐደለው ተርጓሚ ነው። ተርጓሚ ከማን ይጠበቃል? ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ነውን?

ሥራው ደግሞ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን። በትክክል ያልተዘጋን ዲስክ እንግሊዝኛው «ደርቲ» ይለዋል። ቃል በቃል «ቈሻሻ ዲስክ» ብለን ብንተረጕም አንዱ ጓደኛችን በእርጥብ ጨርቅ ሊወለውለው ይነሣል። «በደንብ ያልተዘጋ ዲስክ» ማለት ይበቃል። «ሎስት ክላስተር» የሚባለውን «ባለቤት ያጣ ክፍል»፣ «ክሮስ ሊንክድ» የሚባለውን ደግሞ «ሁለት ፋይሎች የሚካሰሱበት ክፍል» ብንለው፣ ለሙግት ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንግዳ ያልሆነ ሕዝብ ነገሩን ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይረዳዋል። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ይላክልን፤ ለቃሎቹ የሙጥኝ አንልም።

አሁን ከተማሪዎች ማኅበር የምንጠይቀውን እንናገር። በማኅበሩ ክፍል ባሉት የጋራ ኮምፒዩተሮች ላይ «ጊዜ ይፈጃል» ተብሎ ምርመራው እንዳይሠራ የሚደረገው ይቅር። የጋራ መሣሪያ የማንም ስላልሆነ ማንም አያዝንለትም፤ በየቀኑ በአሥር እጅ ይዘጋል፤ አንዳንዱም ቁልፉን ተጭኖ ሳይሆን ሶኬቱን ነቅሎ ይሄዳል። ምርመራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከዚህ የበለጠ ከየት ይመጣል? ሊኑክስ በተጫነባቸው ላይ ቍጥሩ ተመልሶ ይተከል፤ ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይያዙ ለእያንዳንዱ የተለያየ ቍጥር ይሰጠው። ዊንዶውስ ባለባቸው ላይ በወር አንድ ጊዜ ሌሊት ይመርመሩ፤ መጨረሻ የተመረመሩበትም ቀን በወረቀት ተጽፎ በየመሣሪያው ግንባር ይለጠፍ። ከምርመራው በፊት በነበረው ቀን ሁሉም ጽሑፉን በፍላሽ እንዲገለብጥ ማስታወቂያ ይውጣ።

የመልእክቶቹን ትርጉም በአንድ ገጽ አዘጋጅተን ከየኮምፒዩተሩ አጠገብ ለመስቀል እኛ ዝግጁዎች ነን። የቴክኖሎጂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም፣ በዚህ ጽሑፍ ከተቈጡ፣ ትርጉሙን ከመለጠፉ በፊት ተመልክተው ስሕተቱን ቢያርሙልን ደስ ይለናል። ወረቀቱንና ቀለሙን ማኅበሩ ይስጠን። ለመጀመሪያው ምርመራ ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ያለውን ሰዓት እንመርጣለን፤ የዚያን ጊዜ ክፍሉ ባዶ ነው፤ መብራትም ቢጠፋ ዘበኛው ጄኔሬተሩን ለማስነሣት አይዘገዩም።